የታዩ እጆች

ሰኞ ረፋድ ላይ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ሰው ሽጉጥ ይዞ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ገባ፤ ምንም ሳይወስድ ወጣ።

ቴክኒሻኑ አላየውም። ሰርቨሮቹ ባሉባት ጠባብ የኋላ ክፍል ብቻውን ነበር። «እጅ ወደ ላይ! ማንም እንዳይነቃነቅ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ መብራቱን አጥፍቶ ከመደርደሪያው ኋላ ተወሸቀ፤ ትንፋሹ እንዳያሳብቅበት አፉን በመዳፉ አፈነ።

ሰውየው ገንዘብ አልጠየቀም፣ ስልክ አልሰበሰበም። ዝም ብሎ ቆመ። ዝምታው ቴክኒሻኑን ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራው። በመጨረሻ የውጭው በር ተንጓጓ፤ ሰውየው እግሬ አውጪኝ አለ።

ቴክኒሻኑ ሲወጣ ባልደረቦቹ እጃቸውን ገና አላወረዱም።

«ኧረ አውርዱ፣ ሄዷል።»

«አንተ የት ነበርክ?» አለች ኃላፊዋ።

«ከኋላ።»

«ጀግና!» አሉ ሽማግሌው መዝገብ ያዥ። ሁሉም ሳቀ፤ ድንጋጤ ሲለቅ የሚመጣ ዓይነት ሳቅ።

ጸሐፊዋ ብቻ ታለቅስ ነበር። ከዓመታት ትየባ በኋላ የእጆቿ ጅማቶች ተጎድተው በሁለቱም አንጓዎቿ ላይ ድጋፍ ታስራለች። ባለፈው ዓመት ከሥራ ልትሰናበት ተቃርባ ሳለ ያተረፋት ቴክኒሻኑ ነው። መጀመሪያ ባለ ኳሱን ማውዝ አመጣላት፤ አውራ ጣቷን አሳመማት። ቀጥሎ እንደ ብርጭቆ በቁሙ የሚያዘውን አመጣ፤ ክርኗን አሳመማት። በማይክሮፎን እየተናገረች እንድትጽፍ ሲያደርግ ደግሞ የችሎቱን ምስጢር ባለጉዳዩ ሁሉ ሰማ። በመጨረሻ ግማሽ ቀን ጠረጴዛዋ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ሲያገናኝ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ተሳካ። ቢሮው «ልብስ ሰፊዋ» የሚል ስም አወጣላት። «ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?» ይሏታል ሽማግሌው በየጠዋቱ። ትስቃለች።

«በቃ እህቴ፣ አለፈ» አላት ቴክኒሻኑ፤ ውኃ ቀድቶም ብርጭቆውን እሱው ይዞ አጠጣት።

ከምሳ በኋላ አንድ ፋይል ጠፍቶ ተገኘ።

ፋይሉ የአንድ የሕንፃ ዘበኛ የቪዲዮ ምስክርነት ነበር። ሕንፃው ሠራተኞች ላይ ተደርምሶ ነበርና፣ ዘበኛው ጣሪያውን ደግፎ የያዘውን እንጨት ማን እንዳስነሣ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ተናገረ፤ ሳምንት ሳይቆይ ሞተ። ሌላ ምስክር የለም። ቅጂ ሊወሰድለት የታሰበው በዚያው ሰኞ ከሰዓት ነበር። የጠፋው ባለ ጭንብሉ ሽጉጡን ደግኖ ቆሞ ሳለ ነው፤ የተሰረዘውም በቴክኒሻኑ የይለፍ ቃል ነው።

መርማሪው ድምፁን የማያነሳ ቀጭን ሰው ነው። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸውን ለቴክኒሻኑ አሳየው። ጠረጴዛዎች፣ ራሶች፣ ወደ ላይ የተዘረጉ እጆች።

«የማን እጅ ነው የማይታየው?»

ቴክኒሻኑ ወደ ራሱ ጠቆመ። «የእኔ።»

«ቃሉን ሌላ ሰው ያውቀዋል?»

«እኔ እንጃ። በየጠረጴዛው እየዞርኩ ነው የማስተካክለው። አጠገቤ የቆመ ሰው ሊያየው ይችላል።»

«ቢያየውስ? እጁን ሰቅሎ በምኑ ያጥፋው? በአፍንጫው?»

ቴክኒሻኑ ቪዲዮው እንዲደገምለት ለመነ። በሦስተኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይኸው! ኃላፊዋ! እጇን አወረደች!»

መርማሪው ምስሉን አቆመው። ኃላፊዋ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች ነበር።

ያን ዕለት ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ማረፊያ ቤት አስገቡት። ሚስቱ ልብስ ስታመጣ ልጃቸውን ይዛ አልመጣችም።

«አባቴ የት ሄደ ሲለኝ መስክ ሥራ ብዬዋለሁ» አለች። ቀጥላም ወደ መሬት እያየች፣ «ለእኔ እውነቱን ንገረኝ። ከፍለውህ ነው?» አለችው።

ከእስሩ ይልቅ ይህ ጥያቄ ከበደው። የገዛ ሚስቱ ካላመነችው ዳኛው እንዴት ያምነዋል? የሚጠብቀው የዓመታት እስራት ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ይመስለዋል። ኃላፊዋን ያስባል፤ ሽማግሌውን ያስባል። የመነጽሯን ነገር እያመላለሰ አንዴ ያምንበታል፣ አንዴ በራሱ ያፍራል።

ከባልደረቦቹ ልትጠይቀው የመጣችው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ፍራፍሬ የያዘውን ፌስታል ክርኗ ላይ አንጠልጥላ ነበር።

«አይዞህ ወንድሜ። ለእኔ ያላደረገው የለም ብዬ መስክሬልሃለሁ።»

«አንቺንም አስቸገሩሽ?»

«እኔን ምን ብለው? ሹካ መያዝ ያቃተኝ ሰው!» አለችና የታሰሩ አንጓዎቿን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ከታሰረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ስትሄድ እንባው መጣ።

በማግስቱ እስረኞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ግቢ ወጡ። በአንዱ ጥግ ሸበቶ እስረኛ በስፌት መኪና የተቀደዱ አንሶላዎችን ይጥፋል። ቴክኒሻኑ አጠገቡ ተቀመጠ፤ የመኪናው ድምፅ ጭንቀቱን ያስታገሠለት መሰለው።

ድንገት የግቢው በር ተበረገደ። ፈታሾች ገቡ።

«እጅ ወደ ላይ!»

ቴክኒሻኑ እጁን ሰቀለ። ሁሉም ሰቀለ። ሸበቶውም አንሶላውን ለቅቆ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

መኪናው ግን አልቆመም። መርፌዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አቁም ተብለሃል!» አለ ፈታሹ።

«እጅ ነው ያላችሁት፣ ጌታዬ» አለ ሸበቶው።

እስረኞቹ ሳቁ። ቴክኒሻኑ አልሳቀም። ወደ ሸበቶው እግሮች አጎንብሶ አየ።

ጸሐፊዋ ያለ እጅ፣ በእግሯ ብቻ ኮምፒውተሯን የምታዝበትን የእግር ማውዝ ጠረጴዛዋ ሥር የገጠመላት እሱ ራሱ ነበር።