አረንጓዴውን ተጫኚ

"እኔ ዲዛይነር ነኝ እንጂ ማህተም መቺ አይደለሁም" አለና ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው...

ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ባልደረባው የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። የሚሠሩት የስልክ አፕ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሕመምተኞች ነው። መድኃኒት ያስታውሳል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሲብስም አምቡላንስ ይጠራል።

"ሁላችንም አንድ ዲዛይን ሲስተም፣ ለሁሉም ገጽ የሚሆን የጋራ ሕግ ይኑረን" አለች። "አረንጓዴው መጫኛ በሁሉም ገጽ ላይ 'አዎ' ይሁን፣ ቀዩ 'አይ'። ቦታቸውም አይቀያየር። የታመመ ሰው አያነብም... እጁ የለመደውን ነው የሚጫነው።"

ሌሎቹ ተስማሙ። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። የአምቡላንሱን ገጽ የሚሠራው እሱ ነበር።

"አደጋ ማለት ቀይ ነው። አምቡላንስ መጥሪያው ቀይ ይሆናል፣ 'ደህና ነኝ' የሚለው አረንጓዴ። የኔን ገጽ አትንኩብኝ።"

አለቃው ለሱ አደላ። ገጹ እውነትም ያምር ነበር... ማን ካደ?

እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አፑን ስልካቸው ላይ የጫነላቸው ራሱ ነው።

"እማዬ፣ ማንበብ አያስፈልግሽም። አረንጓዴውን ተጫኚ፣ በቃ።"

ይህን ሲላቸው የመድኃኒቱን ገጽ እያሳያቸው ነበር... የራሱን ገጽ ጭራሽ ረስቶት።

እናት ሆዬ ደስታቸውን አልቻሉትም። ደጃፋቸውን ለረገጠ ሁሉ ስልኩን እያወጡ "ልጄ የሠራው ነው" ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው።

ጎረቤታቸው ስትገባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ጨብጠዋል።

"እትዬ፣ ታክሲ ልጥራና እንሂድ።"

"ተይ... አረንጓዴውን ተጭኛለሁ። አሁን ይመጣሉ። ልጄ የሠራው እኮ ነው።"

ጠበቁ...

ጎረቤታቸው በር ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ እጃቸውን ትይዛለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

አንዴ ተመልሳ ስትይዘው እጃቸው ቀዝቅዟል።

ልጁ ሲደርስ ስልኩን ከወለሉ ላይ አነሳው። የተከፈተው የሱ ገጽ ነበር። በዚያ በሚያምር ፊደሉ እንዲህ ይላል...

"ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል።"

ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ነው።

ከቀብር መልስ ጎረቤታቸው አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "እነዚያ የአምቡላንስ ሹፌሮች እግራቸው ይሰበር... እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ታክሲ ያልጠራሁት? እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ባልደረባውም ጥግ ላይ አለች። ሁሉንም ታውቃለች፤ እሱን እሱን ታያለች።

ወገኖቼ... ሰው በለመደው ነገር ላይ እምነቱን ይጥላል። ያንን ልማድ ለራሳችን ጌጥ ብለን ስናፈርስ የሚወድቀው እሱ ነው። ለኔ እንዲህ ያለ ውበት ገደል ይግባ።

እስቲ ንገሩኝ... በልጁ ቦታ ብትሆኑ ለዚያች ጎረቤት እውነቱን ትነግሯት ነበር? ወይስ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን እየወቀሰች ትኑር?