የእትዬ አጸደ ሳምንት

የፌዴራሉ በጀት ከተቆረጠ ወዲህ ቀበሌ የሚባል ቢሮ የለም፤ ሥራውን የሰፈሩ ቤቶች በየሳምንቱ በተራ ይይዙታል። በዚህ ሳምንት ማኅተሙ እትዬ አጸደ ማድቤት፣ ከጨው ዕቃው ጎን ተቀምጧል።

"ከመረጡኝ ቢሮውን ከነሠራተኛው እመልሳለሁ፣ እማማ" አለ ዕጩው ናሁሰናይ በሩ ላይ ቆሞ።

"እመርጥሃለሁ፣ ልጄ። ብቻ ሠራተኛውን ከሌላ ሰፈር አምጣልን። የምንቀየመው ባዕድ ሰው ያስፈልገናል።"

"እንዴት ማለት?"

"ትናንት የጎረቤቴን የይታይሽን ውሃ ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ኮታዋን አልፋለች፤ ተራው ደግሞ የኔ ነው። ምን ላድርግ?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰሃን በድካም አዩት።

"እሑድ ዳቦ ልኬበት ነበር። ይታይሽ የሰው ሰሃን ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ቆሎም ቢሆን ጣል ታደርግበታለች። ዛሬ ባዶውን ላከችው። አላጠበችውምም። በምን ውሃ ታጥበው?"