በጌም የቆመው ሰፈር

ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ልጅቱ ከተማ በሚሠራበት የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ስምንት ወር ለፍታ መልሳ አቆመችው። አቀበቱን፣ የቦኖውን ጭቃ፣ የዛገውን ቆርቆሮ ሳይቀር አስገባች። በየቤቱ ማን እንዴት ይኖር እንደነበርም በራሷ ድምፅ ተረከችበት። ኮሌጅ የበጠሱት እንኳ እንዲህ አይሠሩም፤ ይህን ደግሞ ሌላ ሰው እስኪናገርላት አልጠበቀችም።

የጎረቤቷ የእማማ አሰገደች የቤት ማኅደር ጠፋ ተባለና «እዚያ ለመኖርዎ ማስረጃ ካላመጡ ምትክ ቤት የለም» አሏቸው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሰዎች። ልጅቱ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ አሮጊቷን ደግፋ ጽሕፈት ቤቱ ገባች።

ኃላፊው ጌሙን ገና ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ ይሄ ራሱ ሰፈሩ ነው! የማን እጅ ነው?»

«ከፊትዎ የቆመችው።»

«ከራስሽ የጨመርሽበት የለም?»

«አንዲት ድንጋይ አልጨመርኩም። ልዋሽበት ነው እንዴ ስምንት ወር የለፋሁት?»

«እሰይ፣ ልጄ!» አሉ እማማ አሰገደች።

ኃላፊው የእሳቸውን ቤት ከፈተ። የልጅቱ ድምፅ ከላፕቶፑ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «እማማ አሰገደች ከዚህ መጋረጃ ጀርባ፣ ከቤቱ ሰዎች ጋር በአንድ በር እየወጡ እየገቡ፣ ሠላሳ ዓመት ኖሩ።»

ኃላፊው ብዕሩን አነሣ። «እንግዲያው በሰው ቤት ደባል ነበሩ፣ እናቴ። ምትክ የሚሰጠው የራሱ በር ለነበረው ብቻ ነው።»

አሮጊቷ ወደ ልጅቱ ዞር አሉ።

«ምን ነበረበት፣ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «አንዲት በር ብትሠሪልኝ?»