የሐጂ ሚትወሊ መዶሻ

ሐጂ ሚትወሊ በፕሮስቴት ካንሰር ማቅቀው ከሞቱ ወዲህ የረጀብ እናት ሲት ነፊሳ ዕረፍት አጡ። ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንበርና አልጋ ሲሠሩበት የኖሩት የእንጨት ሥራ ቤት ደምያት ከተማ ውስጥ ከእነ ረጀብ መኖሪያ ሥር ነው፤ አሁን ተዘግቷል። ሲት ነፊሳ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ መዶሻቸው ይሰማኛል ይላሉ።

«'ልጁ ተመረመረ ወይ?' እያሉ ይጠይቁኛል» አሉት አንድ ቀን።

«ሙታንም የሐኪም ቀጠሮ ማስያዝ ጀመሩ?» አለ ረጀብ። ሃምሳውን አልፏል፤ ልጅ መባሉም አሳቀው።

ይሳቅ እንጂ ፈርቷል። ሐጂ እንጨት መቅረጽ ያስተማሩት ጌታው ናቸው። አልጋ ላይ ሆነው ሲያቃስቱ ሰምቷል፤ መሣሪያቸውንም በቁማቸው ለሱ ሰጥተውታል። በወጣትነቱ ልጃቸውን ኢጅላልን ሊያገባ ሽማግሌ ሊልክ ሲል እናቱ፣ ጡቴን አጥብቻታለሁ፣ እህትህ ናት ብለው ከለከሉት። በአንድ ጡት ያደጉ አይጋቡምና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ምንም አልደበቀውም፤ ምርመራው አንዳንዴ ሰው የማይገድለውንም ካንሰር ያወጣል፣ ሕክምናው ደግሞ ሽንት መቋጠርን፣ ወንድነትንም ሊያሳጣ ይችላል አለው።

«ከቤተሰብ በዚህ በሽታ የሞተ አለ?»

«የለም። አባቴ ዘጠናን ሊደፍን ሲል በእንቅልፉ ነው የሞተው።»

«ቢኖር ዛሬውኑ ተመርመር እልህ ነበር። ከሌለ ግን ምርጫው ያንተ ነው።»

ረጀብ አስቦ አስቦ ተወው። ለእናቱ ሲነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። እርጅና አእምሯቸውን እያናወጠው ነው ብሎ አዘነላቸው።

አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከቤት አጣቸው። ወርዶ ሲያይ በተዘጋው የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆመዋል። እሱም እንደ ዋዛ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ከውስጥ አንድ ነገር ኳ ያለ መሰለውና ከበሩ ፈጥኖ ራቀ።

«እሺ እማዬ፣ ነገ እመለሳለሁ» አላቸው፣ ከዚያ ቦታ ሊያርቃቸው። «ግን ሐኪሙን ምን ልበለው? ከቤተሰቤ ማንም የለም ብዬዋለሁ።»

ሲት ነፊሳ መዳፋቸውን በሩ ላይ አጥብቀው ጫኑ።

«አለ በለው» አሉት። «ኢጅላልን አላጠባኋትም፤ እህትህነቷ ግን እውነት ነው።»