ተቀምጧል ወይ?

ጓደኞቿ በጠዋቱ ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ምን ትል ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘችውም።

እሷና ጓደኞቿ ሦስት ናቸው። አንዷ ፀጉር ሠሪ፣ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በር ሲንኳኳ እንኳ ከመቀመጫዋ ስለምትዘል ሰፈሩ «በርጋጊ» የሚላት ወጣት እናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ «አንድ ቀን የሰው አገር አብረን እናያለን» ሲሉ ኖረው፣ ይኸው ቋንቋው በማይገባቸው ከተማ መሀል ቆመዋል።

በርጋጊ ልጇን ትታ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ከድቡልቡልነቱ የተነሳ «ኳሱ» ነው የሚሉት። ባሏ ሥራ ውሎ የሚገባው አምሽቶ ስለሆነ ልጁን የሚይዙት አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ዳዴ እስካለ ድረስ ችግር የለም፣ ሂጂ» ነበር ያሏት። «እግር ያወጣ ዕለት ግን እኔ ማባረር አልችልም። ያኔ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሩጪ።»

በርጋጊ ስቃ አመሰገነቻቸው። ከመውጣቷ በፊት ፔርሙሱን ከጠረጴዛ አንስታ ቁምሳጥን ላይ አወጣችው፤ የኩሽናውንም በር በገመድ አሰረችው።

«ልጅ ነው ነብር ትተሽ የመጣሽው?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ።

ጠዋት ከሆቴሉ ሲወጡ የሚሽከረከረው የመስታወት በር ልብስ ሰፊዋን ይዟት ዞረ። ውጪ ደረስኩ ስትል ተመልሳ ውስጥ ናት። «አውጡኝ እንጂ፣ ቆማችሁ ምን ታዩኛላችሁ?» ትላለች። እነሱ ሆዳቸውን ይዘዋል። በመጨረሻ ዘበኛው በሩን በእጁ ይዞ አቆመላት።

የፀጉር ሠሪዋ ስልክ የጠራው ያኔ ነው። አየችውና ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ሄዳ ስታወራ ቆየች።

«ማን ነው?» አለች በርጋጊ።

«ደንበኛዬ ናት። ፀጉሬ ተቃጠለ ትላለች።»

«አንቺ እዚህ ሆነሽ ማን አቃጠለላት?»

«እሱን ነው እኔም የምጠይቃት።»

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። በርጋጊ ዞር ስትል ሁለቱም ያለ ምክንያት ሳቁ።

በርጋጊ ስልኳን አወጣች። ወደ ቤት ደወለች።

«እማማ፣ ተቀምጧል ወይ?»

«እንደ ዳኛ ቁጭ ብሏል።»

«ምነው ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ አለ?»

«ደረጃ ወጥቼ ነው፣ ልጄ። በይ ካርድሽን አትጨርሺ፣ ተዝናኚ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቤታቸው ደረጃ የለውም።

«ሌላዋ እናት በላ ወይ ትላለች፣ አንቺ ተቀምጧል ወይ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ክንዷን ይዛ እየጎተተቻት። «ሹመት አግኝቶ ነው እንዴ?»

አደባባዩ ላይ ከራሱ እስከ ጫማው ብርማ ቀለም የተቀባ የወታደር ሐውልት ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ፎቶ ልትነሳ ተጠጋችና የኮቱን ጠርዝ ስታይ ፎቶውን ረሳችው።

«ኧረ ስፌቱን እዩልኝ፣ የእውነት ነው። እጅጌው ግን ጠማማ ነው።»

ልታቃናለት ጎተት ስታደርገው ሐውልቱ ዓይኑን ጠቀሳት፤ ለካ ሐውልት መስሎ የቆመ ሰው ኖሯል። እሪታዋ የአደባባዩን እርግብ ሁሉ አስነሳ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቅ አፍኗት የማታውቀው ሽማግሌ ትከሻ ላይ ተደገፈች፤ ሽማግሌውም አብሮ ይስቃል። በርጋጊም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኳሱ ከተወለደ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ወዲያው ደግሞ ልጇ ትዝ አላትና ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወንዙን ሲያቋርጡ ያቺ «ደንበኛ» እንደገና ደወለች። ፀጉር ሠሪዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ልብስ ሰፊዋም ተከተለቻት። ነፋሱ ግን ወሬያቸውን ይዞ መጣ።

«ዛሬ እንዳትነግሪያት። ቀኗን እንዳናበላሽባት።»

በርጋጊ የጀልባውን ብረት ጨበጠች። ወደቀ፣ ተቃጠለ፣ ሐኪም ቤት ናቸው፤ ያላሰበችው የለም። ቤት ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም።

ከጀልባው እንደወረዱ የፀጉር ሠሪዋን የቦርሳ ማንገቻ ያዘች።

«ልጄን ምን አገኘው? ካልነገራችሁኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሁለቱ ተያዩ።

«አማትሽ አስምለውን ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ምንም አልሆነም፣ የኔ እናት። ሄደ። ጠዋት ተነስቶ በእግሩ ሄደ። ደስታው አላስችል ብሏቸው እኔ ጋ ደወሉ። ‹የመጀመሪያ እርምጃው አመለጠኝ ብላ ታለቅሳለች፣ አትንገሯት፤ ስትመጣ ፊቷ አቁመነው ገና ዛሬ እንደጀመረ እናስመስልላታለን› አሉን። ቀኑን ሙሉ ሲያባርሩት ነው የዋሉት።»

«በዚያ ጉልበታቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ተመለሽ የሚል ነገር ካፋቸው አልወጣም።»

በርጋጊ ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጓደኞቿ በግራና በቀኝ አቀፏት።

«አይዞሽ፣ እርምጃ እንደሆነ አያልቅ» አለች ፀጉር ሠሪዋ መሀረብ እያቀበለቻት። «ዕድሜውን ሙሉ ሊሄድ ነው። ገና ይሰለችሻል።»

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ ልትሳፈር ሳምንት ሲቀራት ኳሱ ከአልጋው ጫፍ ተነስቶ እየተንገዳገደ በእግሩ መጥቶ ቀሚሷን ሲይዛት፣ ጉዞዋ እንዳይቀርባት ማንም ሳያይ ቶሎ ብላ ማዘሏን፣ እስክትሄድም ድረስ ከጀርባዋ አለማውረዷን ለእማማ ትንገራቸው ወይስ ትተወው?