ድምፀ ተአቅቦ

የመንግሥታቱ ጉባኤ ሰብሳቢ «ወረራውን የምታወግዙ፣ እጃችሁን አውጡ» ሲል መልእክተኛው እጁን አነሳ። እጁ ከትከሻው በላይ ሳያልፍ ረዳቱ ከኋላው ጎንበስ አለና «ጌታዬ፣ ሚኒስትሩ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ድምፀ ተአቅቦ ይሁን ብለዋል» ሲል ሹክ አለው። ጠዋት «አውግዝ» ያሉት እኚሁ ሚኒስትር ነበሩ። ግራ ገባው። እጁን የት እንደሚያደርሰው ቢጠፋው ጭንቅላቱን አከከበት።

ከጎኑ የተቀመጡት ሴት የተወረረችው አገር መልእክተኛ ነበሩ። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የማንንም ወገን ሳትይዝ የኖረችው አገራቸው ውስጥ የአንድ ኃያል መንግሥት ታንኮች የገቡት ትናንት ነው። ሴትዮዋ አዳራሹን ሙሉ ሰው ትተው እሱን ብቻ ያያሉ። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲባል እጁን አወጣ። ክንዱ የሌላ ሰው መሰለው።

ቆጠራው ሲያልቅ አንገቱን ደፍቶ ስድባቸውን ጠበቀ። ጠጋ አሉት።

«የልጅ ልጅህን ትኩሳቱ ለቀቀው?»

ምፀት ይሁን ይቅርታ አልገባውም። ሰረቅ አድርጎ አያቸው፤ የምራቸውን ነው።

«አዎ እትዬ፣ ተሽሎታል» አለ።

«ተመስገን» አሉና፣ ከትናንት ጀምሮ እንዳደረጉት፣ አገራቸው ወዳለው ቤታቸው እንደገና ደወሉ። አሁንም የሚያነሳ አልነበረም።