ሁለት ሚሊ

አንዲት ነርስ ተሳስታ ሰው ከሞተባት፣ ትዝታዋ ተቀድቶ የእኛ የነርሶች ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። "ከስህተት መማር" ይሉታል። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ አንድም ሰው በእጄ አልሞተም፤ ስገድላቸው የማስታውሳቸው ግን ሁለት መቶ ሦስት ናቸው። የእያንዳንዳቸውን ፊት አውቀዋለሁ።

ዛሬ ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ ልዕልና የሚጥል በሽታዋ ተነሣባት። መድኃኒቷ ፍሪጁ ላይ ነው፤ መጠኑንም ራሴ ጠርሙሱ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ሁለት ሚሊ፣ ጉንጯ ውስጥ። በሲሪንጅ ቀዳሁ። ለአንድ ሕፃን ዐሥር እጥፍ ሰጥቼ ስገድለው ታየኝና ደፋሁት። እንደገና ቀዳሁ። አሁን ደግሞ ጠርሙስ ተሳስቼ ያነሣሁበት ቀን መጣብኝ። እሱንም ደፋሁት። ደግሜ ቀዳሁ።

"ምንታምር፣ ስጪያት እንጂ!" አለ ባለቤቴ አዳሙ፣ የልጅቷን ራስ ደግፎ። "ከንፈሯ ጠቆረ እኮ!"

"አንዴ ብቻ ላረጋግጥ።"

"አንቺ አይደለሽም! የተሳሳተው ሌላ ሰው ነው!"

"እጄ ይህን አያውቅም፣ አዳሙ።"

ይህን እያልኩ የቀዳሁትንም ደፋሁት። አዳሙ ሲሪንጁን ነጥቆኝ ወደ ጠርሙሱ ሮጠ። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። መድኃኒቱን ሁሉ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ጨርሼዋለሁ።

ልዕልና መንቀጥቀጧን አቆመች። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም።

ሰኞ ትዝታዬን ሊቀዱ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ በየሆስፒታሉ ያለች ነርስ ሁሉ፣ ያልወለደችው እንኳ፣ ልጇን የገደለች እናት ትሆናለች።